ሰፈሩ ሁሉ አፈር ያስገባ ዕለት

ስሜ ዘሃራ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለእንግዳ አከራያለሁ። ለሁለት ቀንም ይሁን ለሳምንት፣ ፀሐይ ፍለጋ ለሚወርድ የደጋ ሰው። ቁጡ ሴት ነኝ። ይሄን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ፤ "ዘሃራ ስትቆጣ የሮቢ ወንዝ ይሞላል" እያሉ እንደሚቀልዱብኝ ሰምቻለሁ። ይቀልዱ! ልቤ ክፉ አለመሆኑን አላህ ያውቃል።

ድሮ ቤቴ አጣዬ ነበር። ከተማዋ በዚያ ክፉ ጊዜ ስትቃጠል ሱቄም ቤቴም ሄደ፤ ከእሳት የተረፈውን ደግሞ ሰው ወሰደው። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። ባለቤቴም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየልኝም። እህቴ ያለችበት ሸዋ ሮቢት መጥቼ ኑሮን እንደገና ሀ ብዬ ስጀምር አንድ ነገር ይዞኝ ነበር፤ ሰው ሰላም ሲለኝ እጁን ነበር የማየው። ብርድ ልብሴን ጠቅልሎ የሄደው ይሄ እጅ ይሆን? እላለሁ። ሰፈሩም ቢሆን ከዚያ ጊዜ ወዲህ እንደ ድሮው አልነበረም። ለቅሶ እንቀመጣለን፣ እድር እንከፍላለን፣ ግን ሁሉም በሩን ቶሎ ይዘጋል።

እንግዶቹ ከደብረ ብርሃን ነበር የመጡት። እንዳልክ የሚባል ጎልማሳ፣ ባለቤቱ ሰናይትና ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ሊዲያ። ልጅቷን ብርድ ሲያስላት ከርሞ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ "ትንሽ ፀሐይ ትሙቅ" ብለው ነው የወረዱት። የግቢውን በር ስከፍትላቸው ከልጅቷ ጆሮዎች ጀርባ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አየሁ፤ ቀጭን ገመዳቸው ወደ ጆሮዋ ይገባል። እኔ አፌ መች ያርፋል!

"ይህችን የምታክል ልጅ ዘፈን ሰክታ ትውላለች እንዴ?" አልኩ።

ሰናይት ሳቀች። "ዘፈን አይደለም እትዬ ዘሃራ። መስሚያዋ ነው። ያለሱ ምንም አትሰማም።"

አፈርኩ። እሷ ግን ቅር ሳይላት እንደ እህት ቁጭ አድርጋ አጫወተችኝ። ሊዲያ ስትወለድ ጀምሮ አትሰማም ነበር። አምስት ዓመት እስኪሆናት "እማዬ" ብላ አታውቅም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከስንት ልፋት በኋላ በጆሮዋ ልክ አሠርቶ ላከላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ነው ቃል የለቀመችው፣ ትምህርት ቤትም የተቀበላት። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲደርሱ መስኮት አስከፍታ ጮኸች አሉ፤ ድምጿ ተመልሶ ሲመጣላት "ማነው እኔን የሚመስለው?" ብላ አባቷን አስጨነቀችው።

ግቢዬ ከገባች በኋላ ደግሞ ሥራ አስፈታችኝ። ርግብ ሲያንጎራጉር "ይሄ ምንድን ነው?" ትላለች። አህያ ሲያናፋ "ይሄስ?" ትላለች። የጎረቤት ባጃጅ አልነሳ ሲል "ይሄስ እያለቀሰ ነው?" አለችኝ። አዛን ሲወጣ ዝም ብላ አዳምጣ ሲያበቃ "ድገመው በይው" አለችኝ። ልጅ አልወለድኩም። ያን ቀን አንጀቴን በልታው አደረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንዝ ሊሄዱ ተነሱ። መስሚያው ውሃ ከነካው ይበላሻል፤ ስለዚህ ሰናይት አወለቀችላትና በትንሿ ሳጥኑ አድርጋ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስልኳንና የአንገት ሐብሏንም ውሃ ዳር ምን ያደርግልኛል ብላ አብራ ከተተችው። ቦርሳውን አልጋ ላይ ትታ፣ ቆልፈው ሄዱ። እኔም በሩን ዘግቼ ከሁለት ቤት ማዶ ለቅሶ ነበርና ልደርስ ወጣሁ። ብዙም አልቆየሁም። ስመለስ የእንግዶቹ መስኮት ወንፊት ተቀዶ ተንጠልጥሏል። በአጥሩ በኩል ቆርቆሮው ጎብጧል።

እነሱም ወዲያው ደረሱ፤ ልጅቷ ፀጉሯ እንደራሰ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።

ሰናይት አልጮኸችም። አልጋውን አየች፣ ከአልጋው ሥር አየች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና "ሳጥኗ" አለች። "ስልኩንም ሐብሉንም ይውሰደው። ትንሿ ሳጥን..."

እንዳልክ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ የዚህ ቤት ሌላ ቁልፍ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ ነው! ደግሞስ በቁልፍ የሚገባ ሰው ወንፊት ይቀዳል?" አልኩት። ደሜ ፈላ። ግን ፊቱን ሳየው እኔን መጠርጠሩ ሳይሆን የሚይዘው የሚጨብጠው ማጣቱ ነው። ዝም አልኩ፤ ለኔ ዝም ማለት ትልቅ ነገር ነው። የሰናይት ስልክ ላይ ቢደውል ተዘግቷል።

ሊዲያ መሃላችን ቆማ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን ታያለች። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ አትሰማም። መጨረሻ ላይ የእናቷን አገጭ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችና፣ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ጮክ ብላ፣

"እማዬ! ለምን አታወሪኝም?" አለች።

እኔ ከዚያ በኋላ አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው፤ ሻርፔ ወርዶ፣ በሰፈሩ መሃል ቆሜ እየጮህኩ። "አፈር ያስበላው! እጁ ይቆረጥ! የሕፃን ጆሮ የሚሰርቅ ጆሮው ይደፈን!" ያላወረድኩት እርግማን የለም። በሮች ገርበብ ብለው ይከፈቱና ይዘጋሉ። ይሄኔ የመስጊዳችን ሽማግሌ ሸህ ሙሄ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱ።

"ዘሃራ፣ በቃሽ" አሉኝ።

"እንዴት በቃኝ ሸሁ? እንግዳዬን፣ በቤቴ..."

"የረገምሽው ሰው እቃ አይመልስልሽም። ግቢ፤ እንምከር።"

ገባን። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ተሰማም ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ እድራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አንድ ላይ ነው። እንዳልክ እኔ መንገድ ላይ ስጮህ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ ማመልከቱን፣ አሁን ቤት ለቤት ይፈተሽልኝ ሊል መሆኑን ነገራቸው።

"ልጄ፣ ማመልከትህ ደግ አድርገሃል" አሉ ሸህ ሙሄ። "ግን ቤቱ ባዶ መሆኑን ያየ የሰፈር ሰው ነው፤ ፖሊስ በዚህ ጫፍ ሲገባ፣ ሌባው በዚያ ጫፍ ሳጥኗን የት ይጥላታል? ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ። ጨርሳ ትሄዳለች።"

"ሳይፈተሽም ይጥላታል!" አልኩ እኔ። የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። "ሸሁ፣ እኔ ራሴ ልጅቷን ሳያት ዘፈን ነው የመሰለኝ። ሌባውም የወሰደው ኤርፎን መስሎት ነው። አሁን ቁጭ ብሎ ከስልክ ጋር ሊያገናኘው ይታገላል። ዘፈን አልወጣ ሲለው 'የተበላሸ ነው' ብሎ ቦይ ውስጥ ይወረውረዋል።"

ነገሩ እንግዲህ ይሄው ነው፤ ሌባውን መያዝ አይደለም ጉዳያችን። ከመወርወሩ በፊት ምን እንደያዘ ይወቅ፣ አውቆም የሚመልስበት መንገድ ይኑረው።

"አፈር እናስገባ" አሉ ሸህ ሙሄ።

ጋሼ ተሰማ ቀና አሉ። "አውጫጭኝ ማለትዎ ነው?"

"አይደለም። አውጫጭኝ ሰው ያጋልጣል፤ ይሄ ሰው ይሸፍናል። አባቶቻችን በቆላው ሲያደርጉት ደርሼበታለሁ። ካየሁት ግን ስንት ዘመኔ!" አሉና አስረዱን። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እኩል ቁራጭ ጨርቅ ይወስዳል። ቤቱ ገብቶ አፈር ቋጥሮ ይመጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ለብቻው ገብቶ አስቀምጦ ይወጣል። የሰረቀ ሰው ካለ የሰረቀውን ከአፈሩ ጋር ይቋጥራል። ማንም ማንንም አያይም፣ አይጠይቅም፣ ኋላም አያነሳም።

"ይሄማ የተረት ነገር ነው" አለ እንዳልክ። "ሌባ ይመልሳል?"

"አይመልስ ይሆናል" አሉ ሸህ ሙሄ። "ዘሃራ፣ አፈር ያስበላው እያልሽ ስትጮኺ ነበር። ከማስበላት ማስያዝ ይሻላል። አቡጀዴ አምጪ።"

ሰውን ቶሎ መሰብሰብ ነበረብን። ጋሼ ተሰማ "እኔ አለሁ" ብለው ወጡና የእድሩን ጡሩንባ ራሳቸው ይነፉት ጀመር። አይ ጋሼ ተሰማ! ጡሩንባ በጠራራ ፀሐይ ሲነፋ ሰው ምን ይበል? ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" እያለ እየሮጠ መጣ። አንዷማ ከጥግ ጀምራ "ወይኔ ዘሃራዬ!" እያለች ደረቷን እየደቃች መጥታ በሬ ላይ ቆሜ ስታየኝ ክው አለች። "ቆመሽ ነው እንዴ!" ብላ ተቆጣችኝ፤ የሞትኩላት ያህል እኮ ነው የተናደደችው።

ግቢዬ ሞላ። ጋሼ ተሰማ ድንጋይ ላይ ወጡ።

"የሞተ የለም" አሉ። "ሊሞት የደረሰ ግን አለ። የዚህች ልጅ ጆሮ ነው።"

ከዚያ ሰናይት እንድትናገር አደረጉ። ተናገረች፣ ግን ድምፅዋ ስለማይወጣ እኔ ተቀበልኳት። ሳጥኗን በእጄ ለክቼ አሳየሁ፤ ይህችን ታክላለች አልኩ። ዘፈን አይወጣበትም፣ ለሌላ ሰው ጆሮ አይሆንም፣ ቢሸጥም የሚገዛው የለም፣ ለዚህች ልጅ ግን እናቷ ማለት ነው አልኩ። መርገም አማረኝ፤ ምላሴን ነከስኩት። ሊዲያ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚያያት ስላልገባት የእናቷን ቀሚስ ጎትታ፣ ያንን ጮክ ያለ ድምፅዋን አወጣች።

"እማዬ፣ ሰዎቹ ለምንድን ነው ድምፅ የሌላቸው?"

ከመሃል አንድ ሰው "ወይኔ" አለ። ማን እንደሆነ አላየሁም፣ ለማየትም አልዞርኩም።

አቡጀዴውን ቀዳደን አደልን። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ። ጋሼ ተሰማም ወሰዱ፣ ሸህ ሙሄም ወሰዱ፣ እኔም ወሰድኩ። ሸህ ሙሄ ለእንዳልክም ዘረጉለት።

"እኔም?" አለ።

"አንተስ? ማን ያውቅሃል?" አሉት። ከዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ የፊቱ ጥቁረት ትንሽ ቀለል ሲል አየሁት።

ዕቃ የማስቀምጥበት ክፍል መስኮት የለውም፤ በአንድ በር ተገብቶ በሌላው ወደ ጓሮ ይወጣል። እዚያ አደረግነው። ሰው ጨርቁን እያንጠለጠለ ሄዶ ቋጥሮ ይመለሳል፣ ይገባል፣ ይወጣል። በጓሮ በኩል ውሃ አስቀምጬ ስለነበር እጁን ይታጠባል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ያ የቆየ አመሌ መጣና እጅ እጅ ማየት ጀመርኩ። የማን ቋጠሮ ከበደ? የማን እጅ ተንቀጠቀጠ? ሸህ ሙሄ ከጎኔ ነበሩ። ትከሻዬን ይዘው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞሩት። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ።

የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሸህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሼ ተሰማ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ ሰው ሁሉ በየአፉ አሜን አለ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሰናይትና እኔ ብቻ ገባን።

ወለሉ ላይ ነጭ በነጭ ተከምሯል። እየፈታን ማፍሰስ ጀመርን። አፈር። አፈር። አንዱ የሽንኩርት ማሳ ጥቁር አፈር ነው፤ አንዱ የወንዝ አሸዋ ነው፤ አንዱ ሰነፍ ከዶሮ ቤት ዝቆ ነው ያመጣው፣ ሽታው! ሌላ ጊዜ ቢሆን ወጥቼ አገር እስኪሰማ በጮህኩ። ክምሩ እየጎደለ ሲሄድ የሰናይት እጅ ይበልጥ እየዘገየ ሄደ። እየፈራች ነው፤ ጥቂት በቀረ ቁጥር ተስፋዋም አብሮ ያልቃል።

"እትዬ ዘሃራ፣ አንቱ ይፍቱት" አለችኝ በመጨረሻ። "እኔ አልችልም።"

ፈታሁ። አፈር። ደግሞ ፈታሁ። አፈር ነው። ላፈሰው ስል ግን ጣቴን አንድ ጠንካራ ነገር ነካው። ቋጠሮው ከሌላው እንዳይለይ መሃሉ ላይ ቀብሮት ነው። ሳጥኗ! ያረቢ! ሰናይት ከእጄ ነጥቃ ከፈተችው። ሁለቱም አሉ። በመሃላቸው ደግሞ አንዲት በወረቀቷ የተጠቀለለች ከረሜላ አለች።

እኔና ሰናይት ተያየን። ከረሜላዋ የኛ አልነበረችም። ሰናይት ሳጥኗን ደረቷ ላይ አድርጋ አፈሩ ላይ ተንበረከከች፤ እኔም አብሬያት፤ ከነዶሮ ኩሱ።

የቀሩትን ፈታናቸው። ቦርሳው የለም፣ ስልኩም ሐብሉም የለም። በጓሮ በር ስንወጣ እንዳልክ ሳጥኗን አይቶ ፊቱ በራና፣ ቀጥሎ "ስልኩስ?" አለ።

"እንዳልክ፣ ዝም በል" አለችው ሰናይት።

ሊዲያን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ በቀሚሷ ጠርዝ ጠራርጋ ጠራርጋ፣ አንዱን በአንድ ጆሮ ሌላውን በሌላው አደረገችላት። ግቢ ሙሉ ሰው ዙሪያዋን ከቧል። አንዷ ሴት መታገስ አቃታትና እልል አለች፤ እሷን ተከትሎ ሴቱ ሁሉ አቀለጠው። ሊዲያ ጆሮዋን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች።

"ቀስ በሉ! ጆሮዬን!" ብላ ጮኸች።

እልልታው ቀጥ አለ። እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም ያደርገን ጀመር። ድምፅ እንዳያወጣ አፉን በእጁ ያፈነ ሰው ብቻ ነው ዙሪያውን የማየው። ይሄኔ ሳላስበው ዓይኔ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ሁሉ ዞረው። ከነዚህ አንዱ ነው። ካለቀሰ እሱ ነው ብዬ ይሆን? እንጃ። ጋሼ ተሰማ በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ያቺ በቁሜ ያለቀሰችልኝ ሴት ትንሰቀሰቃለች። ባጃጅ ነጂው፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ እኔን ሰላም ብሎኝ የማያውቀው የማዶው ጎረቤቴ፣ ሁሉም ያለቅሳል። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሌባውን በምን ልለየው? መፈለጌን ተውኩት። የዚያን ዕለት ነው የተውኩት።

አፈሩን ሸህ ሙሄ አንድ ላይ ደባልቀው ብርቱካኖቼ ሥር አስደፉት፤ ጨርቆቹንም እዚያው አስቃጠሉ።

ወገኖቼ፣ ይሄን የምጽፈው ሌባ ሁሉ ደግ ነው ልላችሁ አይደለም። ስልኩና ሐብሉ አልተመለሱም፤ እኔም አሁን መስኮቴ ላይ ብረት አስገጥሜያለሁ። የአጣዬ ንብረቴም አልመጣም፣ አይመጣም። ግን ስንት ዘመን "ማነው?" እያልኩ ስኖር፣ የሚመልስበት በር ሳይኖረው የቀረ ሰው ስንት ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ሰላም ሲሉኝ ፊት ነው የማየው። ያ የማዶ ጎረቤቴ ሰላም ይለኛል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል። ጋሼ ተሰማን ደግሞ ጡሩንባውን በቀን እንዳይነፉ ሴቱ ሁሉ ገዝቷቸዋል።

ሊዲያ ትደውልልኛለች። ርግቦቹን በስልክ አሰሚኝ ትለኛለች፤ ጓሮ ይዤ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ያስቆመኛል። "ያቺ ልጅ ደህና ናት?" ይለኛል። ከነዚህ ጠያቂዎች አንዱ እሱ ነው፤ ወይም እሷ ናት። ስለዚህ አንዱንም ሳላልፍ ቆም ብዬ እመልሳለሁ፤ ደህና ናት፣ ትሰማለች እላለሁ። ስለ ከረሜላዋ ልጨምር እልና አፌ ላይ ሲደርስ እመልሰዋለሁ። ብናገር "የምን ከረሜላ?" ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁና፤ ማወቅ ደግሞ አልፈልግም። እዚህ ግን፣ አንተም ሆንክ አንቺ፣ ማን እንደሆናችሁ ሳላይ ልንገራችሁ። ከረሜላዋን በልታዋለች። በጥርሷ ስትሰብራት ድምፁን ሰምታ "ይሄስ ምንድን ነው?" ብላ ሳቀች።